ሳስረዳት «ገባኝ» ትላለች፣ ለብቻዋ ስትሠራ ግን የመጀመሪያው መስመር አይወጣትም፤ ምን ላስተካክል?

ጀማሪ አስጠኚ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንዲት የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ለብቻዋ አስጠናለሁ። ኮርሱ ስታቲስቲክስ ፎር ኢኮኖሚስትስ ነው፤ አሁን ኢስቲሜሽን (ከናሙና ተነስቶ ስለ ጠቅላላው መገመት) እና ሃይፖቴሲስ ቴስቲንግ (አንድን ግምት በናሙና መፈተን) ላይ ደርሰዋል። የምንገናኘው በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት ተኩል ነው። ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሊደርስ 3 ሳምንት ቀርቶታል።

ጥያቄ ወስጄ ደረጃ በደረጃ ስሠራላት በደንብ ትከታተላለች፣ «ገባኝ» ትላለች። ቁጥሩን ብቻ ቀይሬ ያንኑ ጥያቄ ስሰጣት ግን ከየት እንደምትነሳ ይጠፋታል። ሃንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር አብረን ጨርሰናል፤ የመጨረሻው ኩዊዝ ግን ከ10 3 ነው። ጊዜውን እንዴት ልከፋፍለው? ጉድለቷ ስታቱ ላይ ይሁን ከሥሩ ያለው ሒሳብ ላይ በምን ልለይ? አሳይመንት «አብረን እንሥራው» ስትለኝስ እስከ የት ልርዳት?

————

ጠመኔ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በል፤ በዚያ 1 ሰዓት ተኩል ውስጥ እስክሪብቶው ስንት ደቂቃ በእሷ እጅ ይቆያል? እንደጻፍከው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንተ ነህ የምትጽፈው። «ገባኝ» ስትል አትዋሽህም። የተሠራ ነገር ሲታይ መንገዱ ሁሉ ግልጽ ነው። የሚቀጥለውን መስመር ከራስ ማውጣት ግን ሌላ ችሎታ ነው፤ እሱን ገና አልተለማመደችም። ፈተና የሚለካው ደግሞ እሱኑ ነው።

የመማር ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሚሼሊን ቺ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ጥናት አስጠኚዎቹ ማብራሪያ እንዳይሰጡ ተከልክለው፣ ተማሪው ራሱ እንዲናገር የሚገፋፉ ጥያቄዎችን ብቻ እንዲጠይቁ ተደርጎ ነበር። ተማሪዎቹ ማብራሪያ ከተሰጣቸው እኩል ተማሩ። ይህ ማለት አታስረዳ ማለት አይደለም። ለብቻ የማስጠናት ጥቅሙ ያለው በአንተ ንግግር ማማር ሳይሆን ተማሪዋ በየመስመሩ በምትሠራውና አንተ ያኔውኑ በምታየው ነገር ውስጥ ነው።

90 ደቂቃውን እንዲህ ሞክረው። የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ሃንድአውት ተዘግቶ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ባለፈው የሠራችሁትን አንድ ጥያቄ ከነሐሳቡ ታውጣው። የጎደለው ያኔ ይታይሃል። ቀጥሎ አንተ አንድ ጥያቄ ብቻ ትሠራለህ፣ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ተመሳሳይ ጥያቄ እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ድረስ ሠርተህ ታቀርብላትና እሷ ትጨርሰዋለች። በሚቀጥለው ግማሹን ትተዋለህ። በሦስተኛው ጥያቄውን ብቻ ትሰጣታለህ። ለዚህ 45 ደቂቃ ያህል መድብ። የመጨረሻው 20 ደቂቃ ከዚህ ምዕራፍና ካለፉት ሁለት ምዕራፎች ተቀላቅሎ ለሚመጣ ጥያቄ ይሁን፤ ርዕሱ ሳይነገራት። ምክንያቱም ዎርክሺት ላይ «ቲ-ቴስት» የሚል ርዕስ ሥር ያለ ጥያቄ ግማሹ ተመልሶ ነው የሚመጣው። ፈተና ላይ ርዕስ የለም።

ስትቆም ቶሎ አትግባ። 2 ደቂቃ ሙሉ ዝም ማለት ይከብዳል፣ ግን ጠብቅ። ከዚያ በኋላም መልሱን አትስጥ፤ «ምን ተሰጠሽ? የተጠየቅሽው ስለ አማካይ ነው ወይስ ስለ ፐርሰንት? የናሙናው ብዛት ስንት ነው?» እያልክ በጥያቄ ምራት።

————

የስታት ሰው፦

ጠመኔ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ ልበል።

ስታት ላይ የሚወድቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ እሱ ግን ስታት ይመስለዋል። ለመለየት 20 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ካልኩሌተር የሌለበት አጭር ፈተና ስጣት። እነዚህ ይግቡበት፦ 1/2 + 1/3 (2/5 ካለች ክፍልፋይ ላይ ነው ችግሩ)፤ የ9 + 16 ስኩዌር ሩት (7 ካለች ሩቱን ለየብቻ እየወሰደች ነው፣ መልሱ 5 ነው)፤ 6 ሲካፈል ለ1/2፤ ኔጌቲቭ 2 ጊዜ ኤክስ ከ6 ይበልጣል የሚለውን መፍታት (ምልክቱን ካላዞረች ኢንኢኳሊቲ ላይ ነው)፤ 0.05ን ወደ ፐርሰንት መቀየር። ከዚያ ለ1፣ 2 እና 3 ሁለት ነገር ታስላ፤ የስኩዌሮቹን ድምርና የድምሩን ስኩዌር። የመጀመሪያው 14፣ ሁለተኛው 36 ነው። ሁለቱን አንድ ካደረገቻቸው የሲግማ (የድምር) ምልክት ማንበብ አልተማረችም ማለት ነው፤ ቫሪያንስ፣ ኮሪሌሽን፣ ሪግሬሽን ሁሉም በእሱ ላይ ነው የቆሙት።

ሁለት ጥያቄ ደግሞ ከቋንቋ ጨምር። «አት ሊስት 2» እና «አት ሞስት 2» ምን ማለት እንደሆኑ ከ0 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች መርጣ ትክበባቸው። «አት ሊስት» የሚለውን «ሌስ» ከሚለው ጋር አምታተው 0 እና 1ን የሚከብቡ ብዙ ናቸው። ይህ የሒሳብ ችግር አይደለም፣ ግን ባይኖሚያል (ከተወሰኑ ሙከራዎች ስንቱ እንደሚሳካ የሚጠይቀው) ላይ ሙሉ ማርክ ያሳጣል። 5 ሙከራ፣ የመሳካት ዕድሉ 0.2 ሆኖ «ቢያንስ አንድ» ሲባል መንገዱ 1 ሲቀነስ 0.8 አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ ማለትም 0.672 ነው። ቃሉን ያልያዘ ተማሪ ቀመሩን ቢሸመድድም እዚህ አይደርስም።

አሁን ወደ ምዕራፋችሁ። ሃይፖቴሲስ ቴስቲንግን በብዙ ጥያቄ ከማስጠናት አንድ ጥያቄ ይዞ ደጋግሞ መገለባበጥ ይሻላል። ይህን ውሰድ፦

በከረጢቱ ላይ 50 ኪሎ የሚል ሲሚንቶ አለ። 25 ከረጢት ተመዝኖ አማካዩ 49.6 ኪሎ፣ የናሙናው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ክብደቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለካው) 1 ኪሎ ሆነ። ክብደቱ በኖርማል ዲስትሪቢውሽን ይሰራጫል እንበል። በ5 ፐርሰንት ሲግኒፊካንስ ሌቭል አማካዩ ከ50 ይለያል?

መጀመሪያ ስታንዳርድ ኤረሩ (አማካዩ ራሱ ከናሙና ናሙና ምን ያህል እንደሚለዋወጥ)፦ 1 ሲካፈል ለ25 ስኩዌር ሩት፣ 0.2 ነው። 49.6 ሲቀነስ 50 ለ0.2 ሲካፈል ኔጌቲቭ 2 ይሰጣል። የፖፑሌሽኑ፣ ማለትም የከረጢቶቹ ሁሉ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስላልታወቀ በዜድ ሳይሆን በቲ ሰንጠረዥ ነው የምንሠራው፤ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ 25 ሲቀነስ 1፣ 24 ነው፤ ባለ ሁለት ጅራት (ወደ ላይም ወደ ታችም መለየትን የሚያይ) ክሪቲካል ቫልዩው፣ ማለትም የውሳኔው ድንበር፣ 2.064። 2 ከ2.064 ስለሚያንስ ናል ሃይፖቴሲሱን (አማካዩ 50 ነው የሚለውን መነሻ ግምት) አንጥልም።

ይህን ቁጥር የመረጥኩት ስህተቶቹን ሁሉ ስለሚያወጣቸው ነው። ተማሪዋ በዜድ ሠርታ 1.96 ብትጠቀም ውሳኔዋ ይገለበጣል፣ ትጥላለች። ስታንዳርድ ኤረሩን ረስታ ለ1 ብታካፍል ኔጌቲቭ 0.4 ይመጣባታል፤ የወጣው ቁጥር በጣም ትንሽ ስለሆነ ስህተቱ አይሰማትም። ጥያቄው «ከ50 ያንሳል?» ተብሎ ቢቀየር ደግሞ ባለ አንድ ጅራት ይሆንና ክሪቲካል ቫልዩው ኔጌቲቭ 1.711 ነው፤ አሁን ትጥላለች። ዳታው ያው ነው፣ የተለወጠው የጥያቄው ቃል ብቻ። ይህን በራሷ እጅ ሦስቴ ከሠራችው «ዲፈረንት»፣ «ሌስ ዛን»፣ «ኢንክሪዝድ» የሚሉትን ቃላት ከዚያ በኋላ ዘላ አታነብም።

በዚያው ጥያቄ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉንም (እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል የምንለውን ክልል) ታውጣ። 2.064 በ0.2 ሲባዛ 0.413 ገደማ ነው፤ ከ49.19 እስከ 50.01 ይሆናል። 50 ውስጡ አለ። ይህ ባለ ሁለት ጅራቱ ቴስት ናሉን ካለማስጣሉ ጋር መስማማቱን ራሷ ታግኘው፣ አንተ አትንገራት።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽንና ስታንዳርድ ኤረር ከተምታቱባት ደግሞ በቃል ማስረዳቱን ተውና ወረቀት ቅደድ። ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው 20 ቁራጮች በከረጢት ውስጥ ይግቡ። አንድ አንድ እያወጣች፣ እየመለሰች፣ 4 ቁጥር ትመዝግብና አማካዩን ታስላ። ይህን 10 ጊዜ ትድገም። ቁጥሮቹ ራሳቸው ከ1 እስከ 20 ተበትነው ሳለ አማካዮቹ ግን አብዛኛዎቹ ከ5 እስከ 16 ባለው ውስጥ ይሰበሰባሉ። የቁጥሮቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 5.77፣ የአማካዮቹ የሚጠበቀው 2.88 ነው፤ በትክክል ግማሹ፣ ምክንያቱም የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነው። 20 ደቂቃ ይፈጃል። ከኮርሱ ሁሉ ይህች 20 ደቂቃ ብትቀር ነው የሚያሳዝነኝ፤ ኢንፈረንስ (ከናሙና ስለ ጠቅላላው መደምደም) የሚባለው ነገር በሙሉ የተንጠለጠለው አማካይ ራሱ ከናሙና ናሙና ይለዋወጣል በሚለው ላይ ነው።

ፒ-ቫልዩ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ትያዝ፦ ናል ሃይፖቴሲሱ እውነት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድል። «ናሉ እውነት የመሆኑ ዕድል» ስትል ባትሰማ እንኳ ጠይቃት፤ ብዙ ተማሪ በልቡ የያዘው ያንን ነው። በሰንጠረዥ ከላይ ላለው ጥያቄ 2 በ1.711 እና በ2.064 መካከል ስለሚወድቅ ባለ ሁለት ጅራቱ ፒ-ቫልዩ በ0.05 እና በ0.10 መካከል ነው።

————

ሰንጠረዥ፦

አንድ ነገር ላክል፣ ማንም አላነሳውም። የዜድ ሰንጠረዡ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አረጋግጥ። አንዳንዱ ሃንድአውት ከ0 እስከ ዜድ ያለውን ስፋት ይሰጣል፤ 1.96 ላይ 0.4750 ይላል። ሌላው ከግራ ጫፍ ጀምሮ ያለውን ይሰጣል፤ እዚያው ላይ 0.9750 ይላል። ተማሪዋ ከአንተ ጋር በአንዱ ተለማምዳ ፈተና ላይ ሌላው ከተሰጣት መልሷ በ0.5 ይሳሳታል። ስለዚህ በፈተና የሚሰጣቸውን ሰንጠረዥ ከመምህሩ ጠይቃ ታምጣ፣ ከዚያ ውጭ በሌላ አትሥሩ። ሰንጠረዥ ከመክፈቷ በፊት የደወል ቅርጽ ያለውን የኖርማል ኩርባ ትሳልና የተጠየቀውን ክፍል ታጥቁረው። ከኔጌቲቭ 1.25 በታች ያለውን ካጠቆረች ከግማሽ በታች መሆኑ በዓይን ይታያል፤ 0.3944 ብላ አትቆምም፣ ከ0.5 ቀንሳ 0.1056 ትላለች።

ካልኩሌተርም እንደዚሁ። የካሲዮው ስታት ሞድ ሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይሰጣል። ለ2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 በሲግማው በኩል 2.828፣ በናሙናው በኩል 3.162 ይወጣል። የመጀመሪያው 40ን ለ5፣ ሁለተኛው ለ4 አካፍሎ ነው። አንዴ በእጅ ሠርታ የትኛው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ትለይ። ዳታ ከማስገባቷ በፊትም የቆየውን ማጥፋት ትልመድ፤ የድሮ ዳታ ላይ አዲስ መጨመር ፈተና ላይ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ኔጌቲቭ 3ን ያለ ቅንፍ ስኩዌር ካደረገች ደግሞ 9 ሳይሆን ኔጌቲቭ 9 ይወጣል፤ ስኩዌሮችን ስትደምር ይህ ያበላሻታል።

ከጠመኔ ጋር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። 2 ደቂቃ ዝምታ የሚጠቅመው ተማሪዋ የምታስበው ነገር ካላት ነው። የጥያቄውን እንግሊዝኛ ካልተረዳች ዝምታው ጭንቀት ብቻ ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን ታንብብና በአማርኛ በራሷ አባባል ትንገርህ። ካልቻለች ችግሩ እዚያ ነው፣ አትጠብቅ፣ ግባ።

————

ጠመኔ፦

@ሰንጠረዥ ልክ ነህ፣ መጀመሪያ በአማርኛ መናገሩ ይቅደም። እኔም ይህን ልጨምር፤ ማሰቡና ማስረዳቱ በአማርኛ ይሁን፣ የሚጻፈው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሁን። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። የመደምደሚያው ዓረፍተ ነገር ማርክ አለው፤ «አንጥልም» ብላ ብቻ ከቆመች ይቀነስባታል። ስለ ሲሚንቶው ምን እንደምንል፣ በስንት ፐርሰንት ደረጃ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጋ ትጻፍ። «ናሉን እንቀበላለን» ከማለትም ትጠንቀቅ፤ በቂ ማስረጃ አላገኘንም ማለት ከመቀበል ይለያል።

————

አሳይመንት ላይ፦

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም ስላልነካው። ማርክ ያለውን አሳይመንት አትንካ። የጥያቄውን ወንድም ሥራ፤ ቁጥሩና ታሪኩ የተለየ፣ መንገዱ አንድ የሆነ ጥያቄ አዘጋጅተህ እሱን አብራችሁ ጨርሱት። ከዚያ የራሷን አሳይመንት ለብቻዋ ትሠራለች። ሠርታ ካመጣችው «ሦስተኛው መስመር ላይ ተመለሺና እይው» ማለት ትችላለህ፤ ምን ብላ እንደምታርመው ግን አትንገራት።

ይህን በመጀመሪያው ቀን ነው መናገር ያለብህ፣ አሳይመንቱ ከመጣ በኋላ ሳይሆን። ወላጅ የሚከፍል ከሆነ ወላጁም ይስማ። በኤስፒኤስኤስ የሚሠራ ፕሮጀክት ሲመጣም እንዲሁ፤ ሶፍትዌሩን መክፈት፣ ዳታ ማስገባት፣ የቱ ሜኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማሳየት ማስተማር ነው። የእሷን ዳታ ወስዶ አውትፑቱን በቴሌግራም መላክ ግን የእሷን ሥራ መሥራት ነው። በመካከሉ ደግሞ የሚጎዳው እሷን ነው፤ አሳይመንት ላይ ሙሉ ማርክ ይዛ ፋይናል ላይ አውትፑት ማንበብ ያቅታታል።

————

ጀማሪ አስጠኚ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላችሁትን አጭር ፈተና ሰጠኋት። ክፍልፋዩንና ፐርሰንቱን አገኘች። የ9 + 16 ሩት 7 ብላለች፣ የስኩዌሮችን ድምርና የድምሩን ስኩዌር አንድ አድርጋለች፣ «አት ሊስት»ም ተሳስታለች። ስታቱን አቁሜ አልጀብራ ልጀምርላት ወይስ ልቀጥል? የቀረን 6 ቀን ጥናት ብቻ ነው፣ በድምሩ 9 ሰዓት።

————

የስታት ሰው፦

አታቁም። 9 ሰዓት ይዘህ አልጀብራን ከሥሩ ብትጀምር ሚዱ ያልፍሃል፤ እሷም ወደ ኋላ እንደተመለሰች ይሰማታል። እያንዳንዱን ጉድለት ስታቱ ውስጥ በሚመጣበት ቦታ ላይ አክመው።

ሩቱን ለምሳሌ በሁለት ናሙና ማነጻጸሪያ ላይ ታገኘዋለች። አንዱ ቡድን 36 ሰው ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 18፣ ሌላው 36 ሰው 24 ይሁን። 324 ለ36 ሲካፈል 9፣ 576 ለ36 ሲካፈል 16። የድምሩ ሩት 5 ነው፤ እሷ ግን በያዘችው መንገድ 3 ሲደመር 4 ብላ 7 ትላለች። የአማካዮቹ ልዩነት 10.5 ከሆነ ትክክለኛው ዜድ 2.1፣ የእሷ 1.5 ነው። ናሙናዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ 1.96ን መጠቀም ይቻላል፤ በ2.1 ትጥላለች፣ በ1.5 አትጥልም። በሁለቱም ትሥራውና ውሳኔው ሲገለበጥ ትየው። ስለ ስኩዌር ሩት ሕግ ከምትሰጣት ግማሽ ሰዓት ገለጻ ይህ የበለጠ ይቀራል።

ለሲግማው ቫሪያንስን (የስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ስኩዌር) በሁለቱም ቀመር ታውጣ፤ አንዱ ከአማካዩ ያለውን ርቀት ስኩዌር እያደረገ የሚደምረው፣ ሌላው በስኩዌሮቹ ድምርና በድምሩ ስኩዌር የሚሠራው። በ2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 የስኩዌሮቹ ድምር 220፣ የድምሩ ስኩዌር 900 ነው። 900 ለ5 ሲካፈል 180፣ ከ220 ሲቀነስ 40። @ሰንጠረዥ ከላይ ለካልኩሌተሩ የጠቀሰው 40 ያው ነው። ሁለቱን ካምታታች 40ን አታገኝም፣ ስለዚህ ራሷን ታርማለች።

ስድስቱን ቀን እንዲህ አስበው። የመጀመሪያው የወረቀቱ ከረጢትና ስታንዳርድ ኤረር። ሁለተኛው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል። ሦስተኛውና አራተኛው ሃይፖቴሲስ ቴስት፣ ሲሚንቶውን እየገለባበጣችሁ፣ ከዚያ ባለ ሁለት ናሙናውና ስለ ፐርሰንት የሚጠይቀው። አምስተኛው የተቀላቀለ ጥያቄ፤ እዚህ ላይ 12 ጥያቄ አቅርበህ አንዱንም አታስላ፣ የትኛው ቴስት እንደሆነና ናሉን ብቻ ትጻፍ። በአንድ ጥያቄ 3 ደቂቃ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ማርክ መምረጡ ላይ ነው፣ ማስላቱ ላይ አይደለም።

————

ጠመኔ፦

ስድስተኛው ቀን ደግሞ የፈተናውን ያህል ሰዓት ተቀምጣ፣ በራሷ ካልኩሌተር፣ በተሰጣቸው ሰንጠረዥ፣ አንተ አጠገቧ ሳትናገር ትፈተን። ስትሠራ የምታየውን በወረቀት ያዝ፤ የቱ ጥያቄ ላይ ስንት ደቂቃ ቆመች፣ የቱን ሰርዛ እንደገና ጀመረች። ማርክ ስትሰጥ መልስ ብቻ አትይ፤ ናሉ ትክክል ከሆነ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ ትክክል ከሆነ ለየብቻ ስጥ። የተሳሳተችውን እዚያው አታርምላት፤ ወረቀቱን ይዛ ትሂድና ስህተቷን በሌላ ቀለም አርማ በማግስቱ በቴሌግራም ፎቶውን ትላክልህ። ይህን ቀን ከሚዱ ዋዜማ ጋር አታድርገው፣ ቢያንስ 2 ቀን ቀደም ይበል።